የሞተሩ ገቢ በካርቡራተር ጎማ በኩል እንዳይፈስ

ከሻሸመኔ ተነስቶ በሃላባ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ የሚወስደው አውራ ጎዳና ቦዲቲን አቋርጦ ያልፋል። በከተማይቱና በዙሪያዋ በሚገኘው የዳሞት ጋሌ ወረዳ ባለ ሁለት እግር ሞተር ሰው ያመላልሳል፤ ባጃጅ በማይደርስበት የገጠር መንገድ ዕቃ ወደ ገበያ ያደርሳል። ለብዙ ወጣት የመጀመሪያው የሥራ መነሻ ሲሆን፣ ጥቂት ገንዘብ ላጠራቀመ የከተማ ሰው ደግሞ ገዝቶ በቀን ገቢ የሚሰጠው አነስተኛ ኢንቨስትመንት ነው።

የዚህ ኢንቨስትመንት ትርፍና ኪሳራ የሚለካው ግን በመግዣው ዋጋ ብቻ አይደለም። ሞተሩ በዓመት ስንት ቀን ሠርቶ ስንት ቀን ጋራዥ ቆመ? በቀን ስንት ሊትር ቤንዚን ጠጣ? ፒስቶንና ፋሻው ስንት ዓመት አገለገሉ? የሚሉት ጥያቄዎች ተደምረው ነው ሒሳቡን የሚወስኑት። ከሦስቱም ጥያቄዎች ጀርባ ልብ የማይባል አንድ የዕቃ ወገን አለ። ይኸውም ካርቡራተሩን ከሞተሩና ከአየር ፊልትሮው ጋር የሚያገናኘው ጎማ፣ በመገጣጠሚያው የሚገባው ኦሪንግና ጋስኬት፣ እንዲሁም ጎማውን የሚያስረው ፋሸታ ነው።

ጉዳዩ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ አሳሳቢ የሆነበት ምክንያት አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ቀደም ሲል 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከሕንድና ከቻይና በዶላር ተገዝቶ ለሚመጣ መለዋወጫ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለነጋዴ ማስረዳት አያስፈልግም። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ደግሞ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ በአዲስ አበባ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በመሆኑም ትንሹ ጎማ በወቅቱ ባለመቀየሩ የሚደርሰው ኪሳራ በሁለት በኩል አድጓል፤ በነዳጅና በመለዋወጫ።

ለአንድ ሊትር ቤንዚን ስንት አየር?

ካርቡራተር ቤንዚንን ከአየር ጋር በልክ የሚያደባልቅ መሣሪያ ነው። ቤንዚን በሚገባ እንዲቃጠል ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈለጋል። አንድ ሊትር ቤንዚን 0.74 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ለእያንዳንዱ ሊትር 11 ኪሎ ያህል አየር ይገባል ማለት ነው። ይህም በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ቢለካ ወደ 9,000 ሊትር ይሆናል። ባለንብረቱ ገንዘብ የሚያወጣው ለአንዱ ሊትር ብቻ በመሆኑ ሐሳቡ ሁሉ በእርሱ ላይ ነው። በነፃ የሚገባውን 9,000 ሊትር የሚቆጣጠርለት ግን ጎማውና ኦሪንጉ ነው።

ጎማው የሚፈርሰው በጥቂት የታወቁ ምክንያቶች ነው። ከቴስታታው የሚመጣው ሙቀት ያደርቀዋል፤ የሞተሩ ንዝረት ይሰነጥቀዋል፤ ቤንዚን የማይችል ዓይነት ከሆነ ያብጣል፤ ፋሸታው ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ይቆርጠዋል፤ ሲላላ ደግሞ ይንሸራተታል። በየጊዜው ካርቡራተሩን ፈትቶ አሮጌውን ኦሪንግ መልሶ መግጠምም ሌላው ምክንያት ነው። አንድ ጊዜ ተጨፍልቆ ጠፍጣፋ የሆነ ኦሪንግ ተመልሶ ክብ አይሆንም።

ሦስት ቦታ፣ ሦስት ዓይነት ጉዳት

ቀዳዳው የተከፈተበት ቦታ የጉዳቱን ዓይነት ይወስናል። ይህን ለይቶ ማወቅ ለባለንብረቱ ዋናው ቁም ነገር ነው።

የመጀመሪያው ከካርቡራተሩ በኋላ፣ ማለትም በካርቡራተሩና በቴስታታው መካከል ያለው መገጣጠሚያ ነው። ፒስቶኑ ሲወርድ በዚህ ቦታ ብርቱ ስበት ይፈጠራል። ጎማው ከተሰነጠቀ ወይም ኦሪንጉ ከደረቀ ያልተለካ አየር ይገባል፤ መካኒኮች «ሞተሩ አየር ይስባል» የሚሉት ይህንን ነው። ድብልቁ ይሳሳል፤ ይኸውም አየሩ በዝቶ ቤንዚኑ ያንሳል። የሳሳ ድብልቅ ሞተሩን ያግለዋል፤ እየቆየም ፒስቶንና ቫልቭ እስከ ማቃጠል ይደርሳል።

ሁለተኛው ከካርቡራተሩ በፊት፣ በአየር ፊልትሮው ሳጥንና በካርቡራተሩ መካከል ያለው ጎማ ነው። እዚህ ቀዳዳ ሲኖር ሞተሩ ወዲያውኑ አይጮህም፤ አካሄዱም ላይለወጥ ይችላል። ነገር ግን በፊልትሮ ያላለፈ አቧራ በቀጥታ ወደ ሲሊንደር ይገባል። በበጋ በጥርጊያ መንገድ ለሚመላለስ ሞተር ይህ አቧራ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሆኖ ፋሻውንና ሲሊንደሩን ይሞርዳል። ውጤቱ የሚታየው ከወራት በኋላ፣ ማርሚታው ሰማያዊ ጭስ መትፋት ሲጀምርና ዘይት ሲጎድል ነው። ያን ጊዜ ሞተሩን አውርዶ ፒስቶንና ፋሻ ከመቀየር በስተቀር ምርጫ የለም።

ሦስተኛው ከሁለቱ ተቃራኒ ነው፤ መግባት የሚገባው አየር ሲታገድ ማለት ነው። ቤንዚን የሚጠራቀምበት የካርቡራተሩ ኩባያ ከውጭ አየር ጋር የሚገናኝበት ቀጭን ጎማ አለው። የነዳጅ ታንከሩ ክዳንም ትንሽ መተንፈሻ ቀዳዳ አለው። እነዚህ በጭቃ ሲደፈኑ ወይም ጎማው ሲታጠፍ ቤንዚኑ መውረድ ያቆማል። ሞተሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዶ ቀጥ የሚል፣ የታንከሩ ክዳን ተከፍቶ ሲዘጋ ደግሞ እንደገና የሚነሳ ከሆነ ካርቡራተር ከመፍታት በፊት መተንፈሻውን መጥረግ ይበቃል።

የቦዲቲ ከፍታ የሚሸሽገው ጉድለት

ቦዲቲ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ካርቡራተር ደግሞ የአየሩን መሳሳት አውቆ ቤንዚኑን በራሱ አይቀንስም። በዚህም የተነሳ ለዝቅተኛ አገር የተመጠነ ካርቡራተር ደጋ ላይ ሲወጣ ቤንዚን የበዛበት ድብልቅ ይሰጣል።

ይህ ነገር ያልታሰበ ውጤት አለው። ከፍታው ቤንዚኑን ሲያበዛው፣ የተሰነጠቀው ጎማ ደግሞ አየር ሲጨምር፣ ሁለቱ ጉድለቶች ተቻችለው ሞተሩ ቦዲቲ ላይ ደኅና የሚሄድ ይመስላል። ይኸው ሞተር ወደ ብላቴ ሸለቆ ወይም በሁምቦ አድርጎ ወደ አባያ ሐይቅ ቆላ ሲወርድ ግን ነገሩ ይለወጣል። የአባያ ሐይቅ ከፍታ 1,200 ሜትር ገደማ በመሆኑ እዚያ ያለው አየር ከቦዲቲው በአንድ አስረኛ ያህል ይከብዳል። ከላይ የሸፈነው የቤንዚን ብዛት ይቀንሳል፤ የጎማው ቀዳዳ ግን አለ። ጭነትና የቆላ ሙቀት ሲታከልበት ሞተሩ ይግላል፤ ኃይል ያጣል። አሽከርካሪው «ቆላ አይስማማውም» ብሎ ያልፈዋል፤ የማይስማማው ግን ጎማው ነው።

ምልክቱና ምርመራው

ሞተሩ አየር እንደሚስብ የሚያሳዩ ምልክቶች የሚከተሉት ናቸው። ሚኒሞው አይረጋም፤ ከፍ ዝቅ ይላል ወይም ነዳጅ መስጫው ከተለቀቀ በኋላ ሞተሩ ቶሎ አይወርድም። ጠዋት ያለ ቾክ አይነሳም፤ ከተነሳም በኋላ ቾክ ሲዘጋ ይጠፋል። ነዳጅ ሲሰጠው ያመነታል። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ በማርሚታው በኩል ይተኩሳል። ካንዴላው ሲፈታ ጫፉ ነጭ ሆኖ ይገኛል። ቡናማ ቀለም ደኅና ድብልቅን፣ ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ደግሞ የቤንዚን ብዛትን ያመለክታል። ስበቱ የሚበረታው ነዳጅ መስጫው ዝግ ሲሆን በመሆኑ ችግሩ ጎልቶ የሚታየው በሚኒሞ ነው፤ በፍጥነት ሲነዳ ሊጠፋ ይችላል። ከተማ ውስጥ ቆም ሄድ እያለ የሚሠራ ሞተር ይበልጥ የሚጎዳውም ለዚህ ነው።

ምርመራው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ሳለ ሳሙና የተቀላቀለበት ውሃ በመርጫ ጠርሙስ በጥቂቱ በመገጣጠሚያው ዙሪያ ይረጫል። ውሃው ቀዳዳውን ለአፍታ ስለሚደፍነው የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ቦታው ተገኘ ማለት ነው። በአንዳንድ ጋራዥ ለዚሁ ሥራ ቤንዚን ሲረጭ ይታያል። በጋለ ሞተርና በካንዴላ ብልጭታ አጠገብ ቤንዚን መርጨት ሞተሩንም ሠራተኛውንም ለእሳት መስጠት በመሆኑ መቅረት ያለበት ልማድ ነው። ከዚህም ሌላ ጎማውን በእጅ ወደ ጎን አጠፍ አድርጎ በብርሃን ማየት ተገቢ ነው። ስንጥቁ ብዙውን ጊዜ ጎማው ሲታጠፍ እንጂ ቀጥ ብሎ ሳለ አይታይም።

መድኃኒቱ በሽታ ሲሆን

ኪሳራው የሚጀምረው ምልክቱ ከታየ በኋላ ነው። ሞተሩ ቤንዚን እንዳነሰው የተረዳ መካኒክ ቀዳዳውን ከመፈለግ ይልቅ ቤንዚኑን መጨመር ይቀለዋል። በካቻቢቴ የድብልቁን ብሎን ያዞራል፤ ካልሆነ ቤንዚኑን የሚመጥነውን ጂግለር ሰፋ ባለ ይቀይራል። ሚኒሞው ይረጋና ባለንብረቱ ደስ ብሎት ይሄዳል። ይሁን እንጂ ቀዳዳው የሚያስገባው አየር በሚኒሞ ብዙ፣ በፍጥነት ጊዜ ግን ጥቂት ነው። የሰፋው ጂግለር ደግሞ በፍጥነት ጊዜ ቤንዚን ያፈሳል። ሞተሩ ሳይግል፣ ሳይጮህ፣ በጸጥታ ብዙ ይጠጣል።

ሌላው ያልተገባ መድኃኒት ካላማዳሪ ቆርጦ ጋስኬት ማድረግ ነው። ካላማዳሪ አየር አጥብቆ የሚይዝ ጎማ ቢሆንም ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፤ ይልማል። ተራው ሲሊኮን ማስቲሽም እንዲሁ በቤንዚን ይለሰልሳል፤ ተቆርሶ ወደ ውስጥ የገባው ደግሞ ቀጫጭን ቀዳዳዎችን ይደፍናል። ሦስተኛው ስህተት ብሎኑን ማጥበቅ ነው። የካርቡራተሩ አካል ለስላሳ ብረት በመሆኑ ሁለቱ ጆሮዎች ያላግባብ ሲጠብቁ መሀሉ ይጎብጣል። ከዚያ በኋላ አዲስ ኦሪንግ ቢገባም አይዘጋም። እንዲህ የጎበጠው ፊት ጠፍጣፋ መስታወት ላይ በተዘረጋ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ቀስ ተብሎ ሊስተካከል ሲችል ብዙ ጊዜ ሙሉ ካርቡራተር ይገዛለታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ ነው።

ትክክለኛው አሠራር ቀላል ነው። ሁለቱም ፊቶች ይጸዳሉ፤ በካቻቢቴ ጫፍ ግን አይፋቁም። ኦሪንጉ በአዲስ ይለወጣል። ሁለቱ ብሎኖች ተራ በተራ፣ በጥቂት በጥቂቱ ይጠብቃሉ። በመጨረሻም ድብልቁ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ እንደገና ይስተካከላል። ቀዳዳው ከተዘጋ በኋላ ቀድሞ የተጨመረው ቤንዚን መቀነስ ስላለበት ይህ የመጨረሻው ሥራ መዘንጋት የለበትም።

ገበያው ጥሩውን ጎማ ለምን ያሸሻል?

የሞተር መለዋወጫ ከመርካቶ ተነስቶ በክልል ከተሞች ጅምላ ሻጮች በኩል እንደ ቦዲቲ ያሉ ከተሞች ይደርሳል። በዚህ ጉዞ ገዢው ሊለየው የማይችለው አንድ ነገር የጎማው ዓይነት ነው። ናይትራይል የተባለው ጎማ ቤንዚን ይችላል። ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1957 ለገበያ ያቀረበው ቪቶን ደግሞ ቤንዚንንም ከፍተኛ ሙቀትንም ይችላል። ተራ ጎማ ግን ሁለቱንም አይችልም። ሦስቱም ጥቁር ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሦስቱም በአንድ ዓይነት ላስቲክ ሊታሸጉ ይችላሉ።

አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ጽሑፍ ያስረዳው ይህንኑ ነው። ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁለቱም መካከለኛ ዋጋ ብቻ ይከፍላል። በዚያ ዋጋ ጥሩውን ማቅረብ ስለማያዋጣ ጥሩው ከገበያ ይወጣል፤ መጥፎው ይቀራል። ምሁሩ ለምሳሌ የወሰደው ያገለገሉ መኪናዎችን ገበያ ሲሆን፣ በዚህና በተያያዙ ሥራዎች እ.ኤ.አ. የ2001ን የኖቤል ሽልማት ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ተጋርቷል። የኦሪንግ ገበያም ከዚህ የተለየ አይደለም።

ነጋዴው ከዚህ አዙሪት የሚወጣበት መንገድ ግን አለ። ጅምላ ከመረከብ በፊት ከፓኬቱ አንድ ኦሪንግና አንድ ጎማ ወስዶ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከእሳት በራቀ ቦታ፣ አንድ ሙሉ ቀን ቤንዚን ውስጥ መዘፍዘፍ ነው። ጥሩው መጠኑ ብዙም አይለወጥም። መጥፎው አብጦ፣ ለስልሶ ወይም ተንቦርቅቆ ይወጣል። ናሙናውን ሱቁ መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ ለገዢ የሚያሳይ ሻጭ ለጥሩው ዕቃ ጥሩ ዋጋ ለመጠየቅ መብት ይኖረዋል።

የአቅርቦቱም ነገር ሊታሰብበት ይገባል። ሕንድ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ ጥብቅ የጭስ ደንብ በሥራ ላይ በማዋሏ የአገሪቱ ፋብሪካዎች ለአገር ውስጥ ገበያቸው የሚያመርቷቸውን ሞተሮች በአብዛኛው ከካርቡራተር ወደ ኢንጄክሽን አዙረዋል። ለአፍሪካ የሚላኩት ብዙ ሞዴሎች ዛሬም ካርቡራተር ያላቸው ሲሆን፣ መንገድ ላይ ያሉትም ገና ብዙ ዓመት ይሠራሉ። ጎማና ኦሪንግ በሞዴል ለይቶ፣ ውስጣዊ ስፋቱንና ውፍረቱን በሚሊሜትር ጽፎ የሚይዝ ሱቅ ትንሽ ካፒታል አስሮ ቶሎ ቶሎ የሚሸጥ ዕቃ ይኖረዋል። ሙሉ ካርቡራተር ግን ብዙ ገንዘብ አስሮ መደርደሪያ ላይ ይቆያል።

ወጪው የማን ነው?

ለምሳሌ ያህል አንድ ሞተር በቀን 3 ሊትር ይጠጣል፣ በዓመት 300 ቀን ይሠራል እንበል። የዓመቱ ፍጆታ 900 ሊትር ይሆናል። ጂግለር በማስፋት ምክንያት አንድ አስረኛው ያለ ጥቅም ቢፈስ 90 ሊትር ነው። ሊትሩ በ100 ብር ቢታሰብ 9,000 ብር ማለት ነው። ይህ ስሌት ለማስረዳት የቀረበ እንጂ በልኬት የተገኘ አይደለም። ባለንብረቱ የራሱን ቁጥር አስገብቶ የጎማውን ዋጋ ከጎኑ ቢያስቀምጥ ግን መልሱን ያገኛል።

ሌላው ጥያቄ ወጪውን ማን ይሸከማል የሚለው ነው። ሞተሩ በቀን ገቢ ሲሰጥ ቤንዚኑን የሚገዛው አሽከርካሪው፣ የተቃጠለውን ፒስቶን የሚቀይረው ደግሞ ባለንብረቱ ነው። አሽከርካሪው ዛሬ ቆሞ ጎማ ቢያስቀይር የዕለቱን ሥራ ያጣል፤ ባያስቀይር ግን የሞተሩ መውረድ የእርሱ ዕዳ አይደለም። ባለንብረቱም ሞተሩን በየቀኑ ስለማያየው ምልክቱን የሚሰማው ዘግይቶ ነው። ስለሆነም በውሉ ላይ በወር አንድ ቀን ሞተሩ ለፍተሻ እንዲቀርብ፣ የዚያ ቀን ገቢም እንዳይጠየቅ ቢስማሙ ለሁለቱም ያዋጣል። በፍተሻው ፊልትሮው ይጸዳል፤ ጎማዎቹ ታጥፈው ይታያሉ፤ ፋሸታዎቹ ይነካሉ፤ ካንዴላው ወጥቶ ቀለሙ ይታያል። አንድ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው።

ያገለገለ ሞተር ለሚያሻሽጡ ደላሎችና ለገዢዎችም የምንለው አለ። ሻጩ ሞተሩን አሙቆ ከቀረበ የጎማው ጉድለት ሊደበቅ ይችላል። ስለዚህ ሞተሩን ቀዝቅዞ ሳለ፣ በማለዳ ማየት ይገባል። ተነስቶ ቾኩ ሲዘጋ ሚኒሞው ከረጋ፣ ካንዴላው ቡናማ ከሆነና ከፊልትሮው ወዲህ ባለው ጎማ ውስጥ ጣት ሲገባ አቧራ ካልተገኘ ሞተሩ ጥሩ እጅ ላይ ነበረ ማለት ይቻላል። አቧራ ከተገኘ ግን ቀለሙ ቢያበራም የሲሊንደሩ ዕድሜ አጥሯልና ዋጋው በዚያው ልክ መውረድ አለበት።

አበው ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ። የሞተር ባለንብረትም መካኒክ «ካርቡራተሩ አልቋል» ሲለው ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት «ጎማው ታየ ወይ?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባል።